ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ አደጋ
ምስማር ወይም እሾህ የወጋው ሕፃን ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይገጥመው አይቀርም። ልጁ በግቢ ውስጥ ሲሮጥ ምስማር ይረግጣል፤ ወይም በሜዳ ሲጫወት የግራር እሾህ እግሩን ይወጋዋል፤ ወይም የጎረቤት ውሻ ይነክሰዋል። የወጋው ነገር ሲነቀል አንድ ሁለት ጠብታ ደም ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶም ደሙ ይቆማል፤ ልጁም እንባውን ጠርጎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። እንግዲህ እናትና አባት ምን ያድርጉ? እግሩን አጥበው ይተዉት? ወይስ የዕለት ሥራቸውን ትተው፣ የመንገዱንና የመድኃኒቱን ወጪ ችለው፣ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት?

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ የሚያስተማምን መልስ ያገኘው ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ከደከመ በኋላ ነው። ለመዘግየቱም ዋና ምክንያት የሆነው የዓይናችን ፍርድ ነው። ዓይን ቁስልን የሚመዝነው በስፋቱና በደሙ ብዛት ስለ ሆነ፣ ሰፊውን ስንጥቅ ይፈራል፤ ጠባቡን ቀዳዳ ግን ይንቃል። ታሪክ ያስተማረን ከዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ትምህርት በማንና እንዴት እንደ ተገኘ፣ ለእኛም ቤት ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱ እንለምናለን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ እንደ ተጻፈ በሚገመተውና ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ተብሎ በሚጠራው የግብጽ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ፣ ራሱን ቆስሎ መንጋጋው የተያዘበት ሰው ሁኔታ ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚያም ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በግሪኩ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት መጻሕፍት ውስጥ፣ የአንድ ትልቅ መርከብ አዛዥ ታሪክ ተጽፏል። ይህ ሰው የቀኝ እጁን አመልካች ጣት መልሕቅ ቀጠቀጠው። በሰባተኛው ቀን ገደማ ቁስሉ መግል ያዘ፤ ቀጥሎም ምላሱ አልታዘዝለት አለ፤ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ጀርባውም እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተ። ለሞት ያበቃው የጣት ቁስል መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉ።

ግሪኮች ይህን በሽታ መወጠር ከሚል ቃል አውጥተው ቴታኖስ አሉት። ዛሬ በመላው ዓለም ቴታነስ የሚባለው ከዚሁ የመጣ ነው፤ በእኛም ቋንቋ መንጋጋ ቆልፍ ይባላል። የጥንት ሐኪሞች የበሽታውን መልክ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ቁስልን ተከትሎ እንደሚመጣም አይተዋል። ነገር ግን ከቁስሎች ሁሉ ለይቶ አንዳንዱን ብቻ ለምን እንደሚከተል ሊገልጹ አልቻሉም። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ደግሞ መከላከያው ሊገኝ አይችልም።

ምክንያቱ ባልታወቀበት በዚያ ረጅም ዘመን፣ ሰው በቁስል ላይ ያላደረገው ነገር የለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ጥይት የመታው ቁስል ተመርዟል ተብሎ ስለሚታመን፣ የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። አምብሯዝ ፓሬ የተባለው ፈረንሳዊ ቁስል አካሚ በጦር ሜዳ ሳለ ዘይቱ አለቀበትና፣ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ቀላቅሎ ለቁስለኞቹ ቀባ። በማግሥቱ ቢመለከት፣ ዘይት የፈሰሰባቸው በትኩሳትና በሥቃይ ሲጨነቁ፣ ቅባት የተቀቡት ግን ደኅና አድረው አገኛቸው። ይህን የተማረውን በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስታወቀ። የፓሬ ትምህርት ለእኛም ይጠቅማል፤ ይኸውም በቁስል ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ መድኃኒት አለመሆኑን ያስረዳል። ዛሬም ቢሆን በአንዳንድ ቤት በቀዳዳ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ አመድ መጠቅጠቅ ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ይታያል። ይህ ሁሉ ቆሻሻን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ወይም ደኅናውን ሥጋ ያቃጥላል እንጂ፣ ወደ ጥልቁ የገባውን ነገር አያወጣም።

የበሽታው ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ሀብትም ትምህርትም ከዚህ አደጋ አላዳኑም። በአሜሪካ አገር በኮንኮርድ ከተማ የታወቀው ደራሲ የሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ታላቅ ወንድም ጆን ቶሮ፣ በ1842 ጃንዋሪ 1 ቀን ምላጩን ሲስል የጣቱን ጫፍ ጥቂት ቆረጠ። መንጋጋ ቆልፍ ያዘውና ጃንዋሪ 11 ቀን ሞተ። እንዲሁም በኒውዮርክ የብሩክሊንን ድልድይ ንድፍ ያወጣው ስመ ጥሩ መሐንዲስ ጆን ሮብሊንግ፣ በ1869 ጁን ወር ለድልድዩ ቦታ ሲለካ ጀልባ ከወደቡ እንጨት ጋር አጣብቆ እግሩን አደቀቀው። ሐኪሞቹን ከመስማት ይልቅ ቁስሉን በውሃ ብቻ ለማከም መረጠ፤ በጁላይ 22 ቀንም በዚሁ በሽታ ሞተ። በዚያ ዘመን የነበሩት ሐኪሞችም በሽታው ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እንዳልነበራቸው መናገር ተገቢ ነው።

መጋረጃው የተገለጠው በ1884 ነው። በዚያ ዓመት በኢጣልያ በቱሪን ከተማ ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በመንጋጋ ቆልፍ ከሞተ ሰው ቁስል የተገኘውን መግል ለጥንቸሎች ቢወጉ፣ ጥንቸሎቹ በዚሁ በሽታ ተያዙ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር አርቱር ኒኮላየር የተባለው ወጣት ተመራማሪ የአትክልት ቦታ አፈር ወስዶ ከእንስሳት ቆዳ ሥር ቢያስገባ፣ እነርሱም እንዲሁ ተወጥረው ሞቱ። እንግዲህ ጠላቱ በአፈር ውስጥ እንደሚኖር ታወቀ። በ1889 ደግሞ ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በበርሊን ከታላቁ ሊቅ ከሮበርት ኮክ ዘንድ ሲሠራ፣ ይህን ተሐዋሲ ከሌሎች ለይቶ ለማሳደግ ቻለ። የቻለበትም ዘዴ ለእኛ ጥያቄ ቁልፍ ስለ ሆነ ጥቂት እንግለጠው።

ኪታሳቶ መግሉን በብርቱ ሙቀት ቢያሞቀው ሌሎቹ ተሐዋስያን ሲሞቱ ይኸኛው ሳይሞት ቀረ። ራሱን በጠንካራ ልባስ የሚሸፍን የዘር መልክ አለውና። ቀጥሎም ኦክሲጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ቢያኖረው አደገ፤ ነፋስ ባገኘው ጊዜ ግን አላደገም። ስለዚህ ይህ ተሐዋሲ ሁለት ጠባዮች አሉት ማለት ነው። አንደኛ፣ በአፈር፣ በአቧራና በከብት በተለይም በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሁለተኛ፣ ነፋስ በማያገኘው ስፍራ ካልሆነ በቀር አይራባም። ሲራባም የሚያወጣው መርዝ በነርቭ በኩል ሄዶ ጡንቻን ሁሉ ያስራል።

አሁን ዓይናችን ለምን እንደሚያታልለን ተረዳን። ሰፊ ስንጥቅ ደም ስለሚያፈስ ቆሻሻውን በከፊል ያጥባል፤ ነፋስም ያገኘዋል፤ ሐኪሙም ውስጡን አይቶ ሊያጸዳው ይችላል። ምስማር የቀደደው ጠባብ ቀዳዳ ግን አፈሩን እስከ ጥልቁ ወስዶ ያስቀምጥና፣ ላዩ ወዲያው ይገጥማል። ለዚህ ተሐዋሲ ከዚህ የሚሻል ቤት የለም። ብዙ ሰዎች ምስማርን የሚፈሩት በዝገቱ ምክንያት ነው፤ ዝገቱ ግን በራሱ መንጋጋ ቆልፍ አያመጣም። የዛገ ምስማር በመሬት ላይ ብዙ ጊዜ የቆየ ምስማር መሆኑን ስለሚያመለክት መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ሆኖም አፈር የነካው አዲስ ምስማርም፣ እሾህም፣ የእንጨት ስንጥርም እኩል ሊያሰጉን ይገባል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መከላከያው አልዘገየም። በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ኪታሳቶ በበሽታው መርዝ ቀስ በቀስ የተለማመደ እንስሳ ደም መርዙን የሚያከሽፍ ኀይል እንዳለው አስታወቁ። ከዚህም የፈረስ ሴረም ተዘጋጀ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ወታደሮች የተዋጉበት የቤልጅግና የፈረንሳይ እርሻ ለብዙ ዘመን በፍግ ሲዳብር የኖረ አፈር ስለ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት መንጋጋ ቆልፍ ብዙ ቁስለኞችን ፈጀ። ሴረሙ በሽታው ሳይጀምር ለቁስለኛ ሁሉ እንዲሰጥ ከታዘዘ በኋላ ግን የበሽተኞቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲቱት ጋስቶን ራሞንና ባልደረቦቹ መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አብርደው፣ ሰው ሳይቆስል አስቀድሞ የሚከተበውን ክትባት አዘጋጁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮቹን ሁሉ አስቀድሞ በከተበው በአሜሪካ ጦር ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ቁስለኛ መካከል በመንጋጋ ቆልፍ የታመሙት 12 ሰዎች ብቻ መሆናቸው ተመዝግቧል።

አንባብያን ሆይ፣ እስካሁን የተናገርነው ስለ አፈር ነው። የወጋው ነገር ጥርስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የአንዲት እናት ታሪክ ነው።

በ1885 ጁላይ 4 ቀን፣ በዚያ ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር በነበረው በአልዛስ፣ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ብዙ ስፍራ ላይ ነከሰው። ከብዙ ሰዓታት በኋላ የአካባቢው ሐኪም ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ ተኮሰው። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ሕክምና አልነበረምና፣ እናቲቱ ልጇን አስተኝታ ዕድሉን ብትጠብቅ ማንም ሊወቅሳት አይችልም ነበር። እርስዋ ግን ሉዊ ፓስተር የተባለ ሊቅ በፓሪስ ስለዚህ በሽታ እንደሚመራመር ሰምታ፣ ልጇን ይዛ ተነሣች፤ ድንበርም ተሻግራ በጁላይ 6 ቀን ከፓስተር ፊት ቀረበች። ፓስተር የኬሚስትሪ ሊቅ እንጂ ሐኪም ስላልነበረ፣ ቩልፒያንና ግራንሼ የተባሉ ሐኪሞች ልጁን አይተው ካልታከመ ሞቱ አይቀርም ባሉ ጊዜ፣ መርፌውን ዶክተር ግራንሼ ወጋ። በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋና ልጁ ዳነ። ካደገም በኋላ በፓስተር ኢንስቲቱት ውስጥ በዘበኛነት አገልግሏል።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ዘወትር የምናመሰግነው ሊቁን ነው፤ ማመስገናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ቁስሉ እስኪያመረቅዝ፣ ወይም ልጁ መታመሙ እስኪታይ ቆይታ ቢሆን ኖሮ፣ የፓስተር ዕውቀት ምንም ባልጠቀመ ነበር። የውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ያስደፍራል። ክትባቱ የሚያድነው በሽታው በሰውነት ውስጥ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም የሚወስነው ወላጅ ነው።

በአገራችን ሕፃናትን በሰፊው የመከተብ ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚሰጣቸው ክትባት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። በቀድሞ ዘመን ባልጸዳ ስለት እትብታቸው በተቆረጠ አራስ ሕፃናት ላይ ይህ በሽታ ብዙ ጉዳት ያደርስ ነበር፤ እናቶች በእርግዝና ጊዜ በመከተባቸውና በንጹሕ ስፍራ በመውለዳቸው፣ ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ደረጃ ማውጣቷ ተረጋግጧል። ይህ ታላቅ ድል ነው። ቢሆንም ተሐዋሲው በአፈር ውስጥ ስለሚኖር፣ እንደ ፈንጣጣ ከምድር ላይ ጠፋ ሊባል አይችልም። በሕፃንነት የተሰጠው ክትባትም ኀይሉ በጊዜ ብዛት ስለሚደክም ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስቱ የሕፃንነት ክትባቶች ሌላ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ እንዲሁም ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ሦስት ማጠናከሪያዎች እንዲሰጡ ይመክራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆነውን ፍሬ እንሰብስብ። ልጅ በተወጋ ጊዜ አስቀድሞ እጅን ታጥቦ፣ ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ለብዙ ደቂቃ ማጠብ፣ ደሙንም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማቆም ይገባል። እሾህን በእሾህ የሚለው ተረታችን ለሌላ ጉዳይ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ፣ በሰው ሥጋ ላይ ሊሠራበት አይገባም፤ ጥልቁን ቀዳዳ በመርፌ መቆፈር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋልና። ከዚያ በኋላ ወላጅ ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የወጋው ምንድር ነው? የሚል ነው። የውሻ፣ የድመት ወይም የዱር አውሬ ጥርስ ከሆነ፣ ቁስሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አፈር ወይም ፋንድያ የነካው ነገር ከሆነም፣ የልጁን የክትባት ካርድ መመልከት ያስፈልጋል። ክትባቱን ካልጨረሰ፣ ካርዱ ጠፍቶ ነገሩ ካልታወቀ፣ ወይም የመጨረሻውን ክትባት ከተከተበ 5 ዓመት ካለፈው፣ መከላከያ እንደሚያስፈልገው ሐኪም ይወስን። አንድ ሁለት ቀን አልፏል ተብሎም መቅረት አይገባም፤ ዘግይቶ መሄድ ጨርሶ ካለ መሄድ ይሻላልና።

ሁለተኛው፣ የተወጋው ምኑን ነው? ምንስ ያህል ጠልቋል? የሚል ነው። ዓይን፣ አንገት፣ ደረት፣ ሆድ ወይም መገጣጠሚያ ከተወጋ ጊዜ አይሰጥም። እንዲሁም ጣቱን ማንቀሳቀስ ካልቻለ፣ ከደነዘዘው፣ ወይም ሳያቋርጡ 10 ደቂቃ ተጭነው ደሙ ካልቆመ ያለ ማመንታት መውሰድ ነው። በጥልቅ የተተከለ ነገርን በቤት መንቀል አይገባም፤ እንዳይነቃነቅ ደግፎ ከነተተከለው ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ የወጋው ነገር ሙሉ በሙሉ ወጥቷልን? የሚል ነው። ጫፉ የተሰበረ እሾህ ወይም ስንጥር በውስጥ ከቀረ ሰንብቶ ያመረቅዛል። እንጨትና እሾህ ብዙ ጊዜ በራጅ ስለማይታዩ፣ የወጋውን ነገር ለሐኪሙ መንገር፣ ስባሪውም ካለ ይዞ ማሳየት መልካም ነው። በተለይ ምስማሩ የሸራ ጫማን ሶል ቀድዶ የገባ እንደ ሆነ፣ በጫማው ሶል ውስጥ የሚኖር ሌላ ተሐዋሲ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ይህ ሲሆን ልጁ ጥቂት ቀን ተሽሎት ሰንብቶ፣ በሳምንቱ ገደማ እንደገና ያነክሳል። እንደዚህ ያለ የተመለሰ ሕመም ሊናቅ አይገባም።

አራተኛው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር እየተሻለው ነው ወይስ እየባሰው? የሚል ነው። ቅላቱ ከሰፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሕመሙ ከሁለት ቀን በኋላ ከጨመረ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መንጋጋ ቆልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተወጉ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ወይም ጀርባው ከገተረ፣ ሌሊትም ቢሆን የማይታደርበት ነገር ነው።

በእነዚህ በአራቱ ጥያቄዎች ሁሉ የሚያሰጋ ነገር ካልተገኘ፣ ይኸውም ቁስሉ ላይ ላዩን ከሆነ፣ የወጋው ነገር ንጹሕና ሙሉ ሆኖ ከወጣ፣ ክትባቱም ያልተጓደለ ከሆነ፣ ልጁም ደኅና አድርጎ ከረገጠ፣ ቁስሉን አጥቦና በንጹሕ ነገር ሸፍኖ በቤት መጠበቅ ይበቃል። በማንኛውም ጭረት ሐኪምን ማስቸገርም፣ ገንዘብንና ጊዜን ማባከንም አስፈላጊ አይደለም። ዕውቀት የሚጠቅመን የሚያስፈራውን ከማያስፈራው ለይተን እንድንፈርድ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ የመርከቡ አዛዥ ሲሞት መድኃኒቱ አልተገኘም ነበር፤ የድልድዩ መሐንዲስ ሲሞትም እንዲሁ። በእኛ ዘመን ግን መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ልጅ በምስማር ቀዳዳ ቢሞት፣ ምክንያቱ የዕውቀት እጦት ሳይሆን በዕውቀቱ ሳይጠቀሙ መቅረት ይሆናል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከመተው ይልቅ፣ እያንዳንዱ ወላጅ ዛሬ ማታ የልጆቹን የክትባት ካርድ ፈልጎ ቢመለከትና የጎደለ ቢኖር ቢያስሞላ፣ ከሊቃውንቱ ድካም ድርሻውን ተቀበለ ማለት ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነውና።